«ሥዕል ሐላል ነው ወይ?» ከማለታችሁ በፊት ስለ ክፍያው እንነጋገር



በከተማችን በደሴ ከመግሪብ ሰላት በኋላ «ጥያቄ ነበረኝ» እያሉ ወደ ኢማማችን ከሚጠጉት ወጣቶች መካከል ስለ ሥዕልና ስለ ፎቶግራፍ ትምህርት የሚጠይቁት እየበዙ መጥተዋል። ሸኻችን ሲደክማቸው ወደ እኛ ወደ ረዳቶቻቸው ያስተላልፏቸዋል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ «ኡስታዝ፣ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ልገባ አስቤያለሁ። ሐላል ነው ወይስ ሐራም?»

ቁጭ ብለን ትንሽ ስንጨዋወት ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ልጁ ካሜራ በዱቤ ሊወስድ ተነጋግሮ ጨርሷል፤ ወይም ለትምህርት ቤቱ ክፍያ ከአንድ ሰው በወለድ ሊበደር ነው። ስለ ሥዕሉ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ስለ ውሉ ግን አንዲት ቃል አልጠየቀንም። ዑለማዎች በተለያዩበት ጉዳይ እየተጨነቅን፣ ባልተለያዩበት ጉዳይ ዓይናችንን ጨፍነን እንፈርማለን። ይህን ለመጻፍ ያነሳሳን እሱ ነው።

ስለ ሥዕሉ ባጭሩ እንበልና እንለፍ። እኛ ሙፍቲ አይደለንም፤ ከሸኾቻችን የቀራነውን ነው የምንናገረው። ነፍስ የሌለውን ነገር፣ ዛፍም ሆነ ተራራ፣ ቤትም ሆነ ጀበና፣ መሳል በብዙኃኑ ዑለማ ዘንድ ችግር የለበትም። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) በእጁ ሥራ የሚተዳደርን አንድ ሠዓሊ ወደዚህ እንደመሩት በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። ነፍስ ያለውን ነገር ሐውልት አድርጎ መቅረጽን ግን አጥብቀው ይከለክላሉ፤ የቅርጻ ቅርጽ ክፍል ያማረው ልጅ ይህን ቀድሞ ይወቅ። የሰው ምስል በእጅ መሳልንም አብዛኞቹ ይከለክላሉ፤ ከማሊኪያዎች በኩል ጥላ የሌለውን ቀለል አድርገው ያዩ አሉ። ፎቶግራፍ ላይ ያለው ኺላፍ ደግሞ የታወቀ ነው። የግብጽ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒይ ፈቅደውት ራሱን የቻለ ሪሳላ ጽፈውበታል፤ ሸይኽ አልባኒና ሸይኽ ኢብኑ ባዝ ግን ከአስፈላጊ ጉዳይ በቀር አጥብቀዋል። የምትከተሉትን ዓሊም ጠይቁና ያዙ። ወላሁ አዕለም። (በነገራችን ላይ፣ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ክፍል ሲገባ የውጩን ምስል እንዴት እንደሚያሳይ በጥንቃቄ ካጠኑት ቀደምቶች አንዱ የበስራው ኢብኑል ሀይሰም ነው፤ ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት። ካሜራ ከእኛ የራቀ ነገር ለሚመስለው ሰው ብለን ነው።)

አሁን ወደ ገንዘቡ።

አንድ ደረሳችን አለ። ቁርኣን ሐፍዞ ለመጨረስ ጥቂት ጁዝእ ቀርቶታል፤ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ቤት የሰው ካሜራ ተሸክሞ ይውላል። አዲስ አበባ ሄዶ ፎቶግራፍ መማር ይፈልጋል፤ ለዚያ የሚሆነውን ለማጠራቀም ደግሞ የራሱ ካሜራ ያስፈልገዋል። ያገለገለ ካኖን በ70 ሺህ ብር አገኘ። ሻጩ «በስድስት ወር ከጨረስክ 80 ሺህ ትከፍላለህ፤ ካለፈ ግን በየወሩ 4 ሺህ እየጨመርክ» አለው። ልጁ 70ው 80 መሆኑ ወለድ መስሎት ተጨነቀ። 4 ሺውን ግን ተራ ቅጣት ነው ብሎ አለፈው።

ነገሩ ተገልብጦበታል። ዕቃ በዱቤ ሲሸጥ ከእጅ በእጅ ሽያጭ መወደዱን አብዛኞቹ ዑለማዎች ፈቅደውታል፤ ሻጭና ገዢ ሳይለያዩ ዋጋው አንድ ሆኖ ከተቆረጠ። 80 ሺህ ካሉ 80 ሺህ ነው። ሪባው ያለው ዕዳው ስለዘገየ ብቻ በሚጨመረው 4 ሺህ ላይ ነው። የጃሂሊያ ዘመን አበዳሪ ቀኑ ሲደርስ የሚያስጨምረው ይህንኑ ነበር። «እኔ በጊዜው እከፍላለሁ፤ ጭማሪው አይደርስብኝም» የሚል አይጠፋም። ሰርግ በረመዳንም በሁዳዴም የለም እኮ! የሰርግ ፎቶ አንሺ ሁለት ወር ያለ ሥራ መቀመጡ ያለ የነበረ ነው።

ሄደን ሻጩን አነጋገርነው። ክፉ ሰው አይደለም። «ኡስታዝ፣ ገንዘቤ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ብዬ ነው» አለን። እውነቱን ነው። ለዚያ ግን ዋስ መጥራት፣ መያዣ መያዝ ይችላል፤ ሸሪዓው ይህን አልነፈገውም። አልተስማማም፤ ተመርቀን ወጣን።

ከዚያ ያደረግነው እናቶቻችን የሚያውቁትን ነው፤ ዕቁብ። 14 ሰው፣ በወር 5 ሺህ ብር፣ 70 ሺህ። የመጀመሪያውን ዙር ያለ ዕጣ ልጁ እንዲወስድ ሁሉም ተስማሙ። ካሜራው በ70 ሺህ እጅ በእጅ ተገዛ፤ ልጁ በ14 ወር 70 ሺህ ይከፍላል፤ ማንም ከሰጠው በላይ አይወስድም። ነገሩ ቀርድ ነውና ብዙ ዑለማዎች ፈቅደውታል። ዋሱ አጎቱ ነው። ሁሉም በወረቀት ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ሸኻችን ዘንድ ተቀምጧል። አንዳንዱ «በወንድማማች መካከል ምን ወረቀት አስፈለገ» ብሎ ቅር ብሎት ነበር። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ አል-በቀራ 282፣ ስለ ምን እንደሆነ ጠየቅነው። ዕዳን ስለ መጻፍ ነው።

ባንክ ይሻላል የምትሉ ካላችሁ፣ ዛሬ ከወለድ ነፃ የሚሠሩ ባንኮች አሉ፤ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ነበር። በሙራበሓ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ በእጁ ካስገባ በኋላ ትርፉን ነግሮ ይሸጥላችኋል። ግን ባንክ መያዣና ገቢ ይጠይቃል፤ የ20 ዓመት ልጅ ሁለቱም የሉትም። ዘካም ይጠይቁናል። ድሃ ተማሪ ዘካ የሚቀበለው ድሃ ስለሆነ ነው፤ ስለዚህ ከሰጪው ጋር በግልጽ ተነጋገሩ፣ ከምግብና ከቤት ኪራይ በፊት ለሌንስ አታውሉት።

አሁን ስለ አንዲት እህታችን። 12ኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ በስድስት ዓመቷ ሉሕ ይዛ እኛ ዘንድ የቀራች ልጅ ናት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ማመልከት ፈለገች። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም አሜሪካ፣ ቺካጎ ተምረው መጥተው በ1950 ዓ.ም. ገደማ የመሠረቱት ነው፤ ኋላ በዩኒቨርሲቲው ሥር ገባ። አባቷ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። አንድ ቀን መጥተው «ኡስታዝ፣ ሐራም መሆኑን ንገሯትና ትተወው» አሉን።

«ጋሼ፣ ግራፊክ ዲዛይን ተምራ ደመወዝ የምታገኝ ብትሆንስ?» አልናቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ «እሱማ ከሆነ ሌላ ነው» አሉ።

አባት «ሐራም ነው» ሲል ብዙ ጊዜ «እንጀራ አይሆንም» ማለቱ ነው። ልጁም «ሐላል ነው ወይ?» ሲል ብዙ ጊዜ «አባቴን አሳምኑልኝ» ማለቱ ነው። ሁለቱም የገንዘቡን ጭንቀት በፊቅህ ይሸፍኑታል፤ እኛም መልስ እንሰጣለን፣ ጭንቀቱ ግን ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ከጋሼ ጋር ወረቀት አውጥተን ሒሳብ ጀመርን።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት የሚባለው አሠራር ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ተማሪው ለምግብ፣ ለመኝታና ለትምህርቱ ከፊል ወጪ ውል ይፈርማል፤ ሥራ ሲይዝ ይመልሳል። አሁን ግን ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ሆኗል፤ አቀባበሉም አከፋፈሉም እንደ ድሮው አይደለም። ታላቅ ወንድማችሁ በገባበት ዘመን የነበረውን አትመኑ፤ የዓመቱን ማስታወቂያ ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው አንብቡ። ውል ስትፈርሙም አንድ ነገር ፈልጉ፦ የምመልሰው ከተቀበልኩት ይበልጣል ወይ? ጊዜ በሄደ ቁጥር ያድጋል ወይ? ካልገባችሁ ፎቶ አንስታችሁ አምጡልን፣ አብረን እናነባለን።

ጋሼ ያላሰቡት ሌላ ወጪ ነበር። የሕክምና ተማሪ መጽሐፍ ይዋሳል። የሥዕል ተማሪ ግን ቀለም መዋስ አይችልም። ወረቀት፣ እርሳስ፣ ከሰል፣ ሸራ፣ ብሩሽ በየጊዜው ያልቃል፤ ከኪስ ነው የሚገዛው። ብዙ ልጆች ትምህርቱን አልፈው የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ጋሼ ነጋዴ ናቸውና ይህን ቶሎ ገባቸው። «ጨርቁን ከእኔ፣ እንጨቱን ከአናጢው፣ ሸራውን ራሷ ትወጥረው» አሉ። ፈተናው ላይ ሳትቀመጥ የሸራው ጉዳይ አለቀ! ማረፊያዋም አክስቷ ዘንድ ሆነ።

መግቢያው የተግባር ፈተና አለው፤ መሳል። እዚህ ላይ ነው ልጆቻችን የሚሳሳቱት። ካሜራና ታብሌት ካልገዛሁ አላመለክትም ይላሉ። ፈታኝ ግን ዕቃችሁን አያይም፤ ዓይንና እጃችሁን ነው የሚያየው። እርሳስና ወረቀት ይበቃል። ከስልክ ላይ ተዋናይ ገልብጦ መሳል ምንም አይጠቅምም፤ ፊት ለፊት ያለውን ነገር ሳሉ። እህታችን ሦስት ወር ምን ስትስል እንደከረመች እንንገራችሁ፦ የጁምዓ ዕለት መስጂድ በር ላይ የተከመረ ጫማ። ነፍስ የለው፣ ኺላፍ የለው፣ ግን ሞክሩትና እዩት! አንዱ ሸራ ጫማ፣ አንዱ ኮንጎ፣ አንዱ የተረገጠ፣ አንዱ የተገለበጠ፤ ጥላው በጥላ ላይ። በመጀመሪያው ወር ድንች ነበር የሚመስለው። በሦስተኛው ወር ሸኻችን አዩና «ይህ የእኔ ነው» ብለው በእጃቸው አሳዩን።

መድረሳ የተማራችሁ ልጆች ደግሞ ሌላው የሌለው ነገር አላችሁ። ጥላሸት በጥብጦ ቀለም ያዘጋጀ፣ መቃ ቀርጾ ሉሕ ላይ የጻፈ እጅ መስመር ያውቃል፤ የት ጫን፣ የት ለቀቅ እንደሚደረግ ያውቃል። ሐረር የሸሪፍ ሙዚየምን ያየ ሰው፣ የእጅ ጽሑፍ ቁርኣኖቹንና የቆዳ ጥራዞቹን ተመልክቶ፣ «ሙስሊም ከጥበብ ምን አለው?» አይልም። ኸጣችሁን በሥራ ስብስባችሁ ውስጥ አስገቡት። ግን እሱ ብቻ አይሁን፤ ከሕይወት የተሳለም ይኑርበት።

አንድ ነገር ሳንደብቅ፦ በብዙ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ሰውን ሞዴል አድርጎ መሳል የትምህርቱ አካል ነው፤ በአንዳንዱም አገር ዐውራ የተገለጠበት ይሆናል። ከመመዝገባችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ፦ ግዴታ ነው? በምን ሊተካ ይችላል? ከገቡ በኋላ ከመጋጨት አስቀድሞ መጠየቅ አደብ ነው። የትምህርት ክፍል ምርጫችሁንም በዚያ ወስኑ።

ወደ ውጭ ለምታስቡ። የቱርክ መንግሥት ነፃ የትምህርት ዕድል የትምህርት ክፍያን፣ ማረፊያንና ወርሃዊ ድጎማን ይሸፍናል፤ ኢስታንቡል ውስጥ በ1882 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሚማር ሲናን የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ አለ። የሥነ ጥበብ ክፍሎች ግን ለብቻው የተሰጥኦ ፈተና አላቸው። ማመልከቻው በነፃ ነው። ደግመን እንበለው፣ በነፃ ነው። «ፎርም እሞላልሃለሁ» ብሎ ብዙ ሺህ ብር የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠማችሁ ጫማችሁን አድርጋችሁ ውጡ። ዶሃ ላይ ደግሞ የአሜሪካው የቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ቅርንጫፍ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ክፍያው ከባድ ነውና የገንዘብ እርዳታውን ከማመልከቻው ጋር አብራችሁ ጠይቁ።

ለንደን ያሉ የወሎ ልጆችም ይጽፉልናል። እዚያ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ በዓመት ከ9 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው፤ የመንግሥቱ ብድር ወለድ አለው። ከወለድ ነፃ የሆነ አማራጭ ለማቅረብ የሚያስችል ሕግ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ተማሪው ለዓመታት ሲጠብቀው ኖሯል። ስለ ብድሩ የአገሪቱን ዑለማዎች ጠይቁ፤ ከደሴ ሆነን ፈትዋ አንልክላችሁም። የምናውቀው፣ ሠርተው ዓመት አጠራቅመው የገቡ፣ ቤተሰብም በቀርድ የደገፋቸው ልጆች መኖራቸውን ነው።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚያስፈልጋችሁ ከዐስር እስከ መግሪብ ኑ። ሸኻችን ሥራ ሳያዩ አይፈርሙምና ሥዕላችሁን ወይም ፎቶዎቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ በስልክ ሳይሆን በወረቀት ታትሞ። የዱቤም ሆነ የብድር ውል ካላችሁ ሳትፈርሙ አምጡት። ሁለተኛው ዕቁብ በሚቀጥለው ወር ይጀምራል፤ አራት ሰው ይጎድለዋል።