ከጥገና በኋላ ፍሬንን ስለ መፈተን

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ መንገደኛ ሁሉ ጣርማ በርን ያውቃል። ከፍታው ከ3000 ሜትር በላይ ነው። በጠላት ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ጣሊያን ያስቈፈረውን ዋሻ ካለፉ በኋላ መንገዱ በገደል አፋፍ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ከፍታው 1300 ሜትር ገደማ እስከ ሆነው እስከ ሸዋ ሮቢት ቈላ ድረስም ፍሬን ዕረፍት የለውም።

ባለፈው ጥር ከባለቤቴና ከሁለቱ ልጆቼ ጋራ ለዘመድ ሠርግ በዚህ መንገድ ለመውረድ አስበን፥ የአውቶሞቢሌን የፊት ፍሬን ሸራና ያረጀውን የዘይት ቧንቧ ደብረ ብርሃን ላይ አስለወጥሁ። ሥራው አለቀ ተብሎ ሒሳቡን ከፍዬ ልንነሣ ስንል፥ አብሮን የነበረው የእኅቴ ልጅ፥ ትንንሽ አይሮፕላኖችን የሚጠግን፥ «ጋሼ፥ ከበሩ ሳንወጣ ፍሬኑን ረግጠው ቢያዩት ምናለ?» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። ልጅ ሊያስተምረኝ የተነሣ መሰለኝ፤ ደግሞም ረፍዶብን ነበር። እርሱ ግን በትሕትና አስረዳኝ።

«በእኛ ሥራ ፍሬኑ የተነካ አይሮፕላን ወዲያው ወደ ማኰብኰቢያው አይነዳም። በብዙዎቹ የቀኝና የግራ ጐማ ፍሬን ለየብቻ ስለ ሆነ፥ አንዱ ብቻ ቢይዝ አይሮፕላኑ ወደዚያው ይዞራል። ስለዚህ ቆሞ ሳለ ሁለቱም ይረገጣሉ፤ ዘይት አለመፍሰሱ ይታያል፤ ቀጥሎም በዝግታ እየሄደ ይፈተናል።»

እግሬን ባሳርፍበት ፔዳሉ እንደ ጥጥ ለስልሶ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ደጋግሜ ብረግጠውም አልጠነከረም። አዲሱ ቧንቧ ሲገጠም አየር ገብቶበት ኖሯል። የፍሬን ዘይት ሲጫኑት አይጨመቅምና የእግርን ኃይል እስከ ጐማው ያደርሳል፤ አየር ግን ይጨመቃል፥ ኃይሉም በመንገድ ይቀራል። መካኒኩ አየሩን አስወጥቶ የጐደለውን ዘይት ሞላ፤ እኔም በሜዳው ላይ በዝግታ እየነዳሁ ደጋግሜ ፈተንሁትና ተነሣን።

ፍሬኑ እንዳይግል በሁለተኛ ማርሽ የጣርማ በርን ቍልቍለት ስንወርድ፥ ባለቤቴ ገደሉን አይታ ልጆቹን ወደ ራስዋ አስጠጋች፤ አንድም ቃል አልተናገረችም። እኔ ግን አፈርሁ። ያፈርሁትም በመካኒኩ አይደለም፤ የሚሠራ ሰው ይሳሳታል። ያፈርሁት በራሴ ነው፤ ልጁን «ዝም በል» ብዬው ቢሆን ኖሮ፥ ቤተ ሰቤን ወደ ገደል የሚወስደው ኵራቴ ነበር።

ስለዚህ ወንድሞቼ ሆይ፥ ከጥገና የወጣ መኪና ከበሩ ሳያልፍ ፍሬኑን ርገጡት። ታናሽ ቢያሳስባችሁም አትቈጡት።