ፊት ሄዶ ጤዛ ስለሚያራግፍ ሰው

የአሸናፊን ስም ለመጻፍ ብዕር ቸግሮ አያውቅም፤ አሸናፊውን እስከ በሩ ያደረሰው ሰው ስም ግን ብዙ ጊዜ ከመዝገቡ ውጭ ይቀራል። ይህ ነገር በጦር ሜዳም፥ በትምህርት ቤትም፥ በገበያም ያለ ነው፤ ይልቁንም ጎልቶ የሚታየው በአውሮፓ የብስክሌት እሽቅድምድም ነው። ከኢትዮጵያ ልጆች ይህን ሥራ እስከ ላይኛው ማዕርግ ድረስ የሠራው የትግራዩ ተወላጅ ጽጋቡ ግርማይ ነው። ከዚህ በታች የሚነሡት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የሥራው ጠባይ ለጨፋ ሮቢት ሰው እንግዳ አይደለም። በቦርከና ወንዝ የሚረሰርሰው የጨፋ ረግረግ፥ በበጋ ከቆላ ለሚወጡት ከብት ጠባቂዎች ለአፋሩም ለኦሮሞውም ለአርጎባውም ግጦሽ ሆኖ የኖረ ምድር ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሣሩ ጤዛ ተሸክሞ ያድራል። በማለዳ በዚያ ሣር መካከል ተከታትለው የሚሄዱ ሰዎች ቢኖሩ፥ ፊት የሚሄደው ጤዛውን በእግሩ እያራገፈ እስከ ወገቡ ይርሳል፤ ከኋላው ያሉት ግን ልብሳቸው ሳይረጥብ ይደርሳሉ። ገበያ ከተገባ በኋላ ማን ጥሩ ዋጋ እንዳገኘ ይወራል እንጂ የማን ልብስ እንደ ረጠበ የሚጠይቅ አይገኝም።

በብስክሌት መንገድ ላይ ጤዛው ነፋስ ነው። ፊት የሚነዳው ነፋሱን በደረቱ ይቀበላል፤ ከኋላው ተጠግቶ የሚከተለው ግን ከድካሙ ሩብ ያህሉን፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጠውን ይተርፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ወይም ሁለት አለቃ ይመርጣል፤ የቀሩት አባላት ነፋሱን ይከላከሉለታል፤ ከቡድኑ መኪና ውሃ እየተቀበሉ ያመጡለታል፤ ጎማው ቢፈነዳ የራሳቸውን እስከ መስጠት ይደርሳሉ፤ ተራራው ሥር ሲደርሱ ኀይላቸው አልቆ ወደ ኋላ ይቀራሉ። አለቃውም በዚያ ጊዜ ባልደከመ እግር መውጣት ይጀምራል።

ለእነዚህ ሠራተኞች ፈረንሳዮች ያወጡላቸው ስም «ዶሜስቲክ» ነው፤ የቤት አሽከር ማለት ነው። በ1911 የቱር ደ ፍራንስ መሥራች ኦንሪ ዴግራንዥ፥ ሞሪስ ብሮኮ የተባለው ተወዳዳሪ ሌላውን በመርዳቱ ተቈጥቶ ለመስደብ የተናገረው ቃል እንደ ሆነ ይነገራል። ዳሩ ግን ስድቡ ቀርቶ ስሙ የሙያ ስም ሆነ። የአማርኛ ቋንቋ ይህን መገለባበጥ ያውቀዋል፤ አሽከርና ሎሌ የሚባሉት ቃላት ዛሬ ዝቅ ያሉ ቢመስሉም፥ በጥንቱ ዘመን በታላቅ ሰው ቤት ያደገ አሽከር በጌታው ፊት ጋሻ የሚይዝ፥ በጦርነትም ቀድሞ የሚሰለፍ ታማኝ ነበረ። ክብሩ በተጠራበት ስም አልነበረም፤ በቆመበት ስፍራ ነበረ እንጂ።

ኢትዮጵያ በብስክሌት ውድድር ጀማሪ አይደለችም። በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮቿ ጋራ ብስክሌተኞችንም ልካ ነበር፤ ከእነርሱ አንዱ ገረመው ደንቦባ ነው። ነገር ግን በአውሮፓ ደመወዝ ተቀብሎ፥ በዓለም የመጀመሪያው ደረጃ ቡድን ውስጥ ለመንዳት የበቃ ኢትዮጵያዊ ከዚያ ወዲህ ከ50 ዓመት በላይ አልተገኘም። ጽጋቡ በ2012 ኤም ቲ ኤን ኩቤካ ወደ ተባለው የደቡብ አፍሪካ ቡድን ገባ። በ2015 ላምፕሬ ሜሪዳ የተባለው የኢጣልያ ቡድን ወሰደው። በ2017 በዚያው ዓመት ወደ ተቋቋመው ባህሬን ሜሪዳ፥ በ2018 ወደ አሜሪካው ትሬክ ሴጋፍሬዶ፥ በ2019 ወደ አውስትራሊያው ሚቸልተን ስኮት ተሻገረ።

ይህን መዘዋወር የቅኔ ተማሪ ታሪክ ያስታውሰዋል። ተማሪው ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፥ ከጎንጅ ወደ ዋድላ የሚሻገረው የእያንዳንዱ ቤት መንገድ ልዩ ስለ ሆነ ነው፤ በየደረሰበትም እንደ አዲስ ጀማሪ ከበታች ተቀምጦ ይሰማል። ብስክሌተኛውም በየቡድኑ አዲስ ቋንቋ፥ አዲስ አለቃ፥ አዲስ ልማድ ያገኛል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ተማሪው የሚሄደው ዕውቀት ሽቶ ነው፤ ብስክሌተኛውን ግን ብዙ ጊዜ የሚያዘዋውረው ውል ነው። ገንዘብ የሚከፍለው ነጋዴ ስሙ በደረቱ ላይ እስከ ተጻፈ ድረስ ይቆያል፤ ነጋዴው ሲወጣ የቡድኑ ስም ይለወጣል፥ አባላቱም ይበተናሉ። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ በየጊዜው ተፈልጎ መገኘት ራሱ ምስክር ነው፤ ለማይታይ ሥራ የማይታመን ሰው ሁለተኛ አይጠራምና።

በ2016 ጽጋቡ በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ይህ ውድድር በ1903 የተጀመረ ሲሆን፥ በዚያ ዓመት በ21 ቀን ጉዞ የተከፈለው መንገድ 3,500 ኪሎ ሜትር ያልፍ ነበር፤ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል መቀሌ ሁለት ጊዜ ደርሶ ከመመለስ ይበልጣል። ከ22 ቡድን እያንዳንዱ 9 ሰው አሰልፎ 198 ሰዎች ተነሡ። ድሉን ያገኘው በናይሮቢ የተወለደው እንግሊዛዊ ክሪስ ፍሩም ነው። የጽጋቡ የቡድን ጓደኛ ደቡብ አፍሪካዊው ሉዊ ማይንቺስ ግን 8ኛ ሆኖ ፈጸመ። መዝገቡን የሚያነብብ ሰው የማይንቺስን ቁጥር ያገኛል፤ ከዚያ ቁጥር በታች ያለውን የስምንት ሰዎች ድካም ግን አያገኝም።

በኢትዮጵያ የጽጋቡ ስም እንደ ሯጮቹ ስም ያልገነነው ስለዚህ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ ወዲህ ሕዝቡ የለመደው፥ አንድ ሰው ከሁሉ ቀድሞ ሲደርስ ማየት ነው። «እርሱስ ስንተኛ ወጣ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የብስክሌተኛው መልስ አጥጋቢ አይሆንም። ጥያቄውም ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ለዚህ ሥራ የተሠራ ሚዛን አይደለም። ለሌላው ሲል መድከምን በደመወዝ የሚሠራው ሰው ምን ምስጋና አለው የሚል ቢኖር፥ ደመወዝ የሚገዛው ጉልበትን እንጂ በሕመም ቀንና በዝናብ ተራራ ላይ የሚታየውን ታማኝነት አይደለም ብሎ መመለስ ይቻላል። በዚህ ሙያ ባለ ድሉ የሽልማቱን ገንዘብ ለረዳቶቹ ማካፈሉም የቆየ ልማድ ነው፤ ዕዳ መሆኑን ያውቃልና።

ከዚህ በኋላ የመጣው ግን ከውድድር የከበደ ነገር ነው። በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት ተነሣ። የስልኩ መሥመር ተቈረጠ፤ በውጭ አገር የሚኖሩ የዚያ ምድር ልጆች የእናታቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ብዙ ወራት አሳለፉ። ጽጋቡም በዚያ ዘመን የአውስትራሊያው ቡድን አባል ነበረ። በከሚሴ በኩልም ቢሆን 2021 የመከራ ዓመት ሆነ። በመጋቢትና በሚያዝያ በአጣዬና በአካባቢው ጎረቤት ከጎረቤት ተጋጭቶ ቤት ተቃጠለ፥ ሰው አለቀ፤ በኅዳርም ጦርነቱ ከሰሜን ወርዶ ከሚሴ ደረሰ። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደው ያው ዋና መንገድ ነጋዴ የማያልፍበት፥ ታጣቂ ብቻ የሚመላለስበት ሆነ።

እንዲህ ባለ ጊዜ «የእኛ» የሚለው ቃል ይጠባል። ትናንት «የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ» ተብሎ የተጨበጨበለት ሰው፥ ዛሬ የማን ልጅ እንደ ሆነ ይጠየቅለታል። ልጁን በዚያ ጦርነት ያጣ የጨፋ ሰው ከመቀሌ በኩል የመጣውን ስም ሲሰማ ልቡ ቢጨልም የሚፈርድበት አይገኝም፤ ሐዘን በምክር አይታዘዝምና። በማይጨውና በዓድዋ ያለው ሐዘንተኛም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ሐዘን የሚከፍለውና ሐሰት የሚከፍለው ልዩ ነው። ጽጋቡ በ2016 የተሰለፈው ለማንም መንደር ብቻ አልነበረም፤ በፈረንሳይ መንገድ ዳር የቆመው ተመልካች የጠራው በኢትዮጵያ ስም ነበረ። የተሰጠን አገልግሎት በኋላ በመጣ ጠብ ምክንያት ከመዝገብ መፋቅ፥ በሚዛን ላይ ጣት እንደ መጫን ይቈጠራል።

በኅዳር 2022 በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፤ መንገዱም እንደ ገና ተከፈተ። የጨፋ ሮቢት መምህራን ለተማሪዎቻቸው ስለ ስፖርት ሰዎች ሲናገሩ፥ ከአሸናፊዎቹ ስም ጎን የዚህን ሰው ስም ቢያነሡና «ስንተኛ ወጣ» ለሚለው ልጅ «ሌላው እንዲደርስ ያደረገ ነው» ብለው ቢመልሱለት፥ ለልጁም ለአገሩም የሚጠቅም ትምህርት ይሆናል። በዚህ መንገድ ከመቀሌ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ከሚሴን ያልፋል፤ ከከሚሴም ተነሥቶ መቀሌ የሚገባ ማይጨውን ያልፋል። ከሁለቱም ወገን የሚሄደው መንገደኛ የሚለምነው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በሰላም መተላለፍ ነው።