ስለ አንዲት እናትና ስለ ትምህርት ቤት ሹመት

የራሱን ልጅ የሚወድ ሰው ብዙ ነው፤ የጎረቤቱን ልጅ እንደ ራሱ ልጅ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ይህም ነገር በአሜሪካ አገር ለትምህርት ቤት ቦርድ ምርጫ በሚደረግበት ጊዜ ይፈተናል።

በዚያ አገር ትምህርት ቤትን መጠበቅ ከጥንት ጀምሮ የየከተማው ሕዝብ ሥራ ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1647 ዓመት በማሳቹሴትስ በወጣው ሕግ፥ አምሳ ቤተ ሰብ ያለበት ከተማ ሁሉ ንባብና ጽሕፈት የሚያስተምር መምህር እንዲያቆም ታዘዘ። በዚያው በማሳቹሴትስ በ1879 ዓመት ሴቶች ለትምህርት ቤት ጉባኤ ድምፅ እንዲሰጡ ተፈቀደ፤ ይኸውም በአገሩ ሁሉ የምርጫ መብት በ1920 ዓመት ከመጽናቱ 41 ዓመት አስቀድሞ ነው። ዛሬ የትምህርት ወረዳዎቹ 13,000 ያህል ሲሆኑ፥ በሚበዙት ዘንድ የቦርዱን አባሎች ሕዝቡ ይመርጣል።

በአንዲት ትንሽ ከተማ የምትኖር እናት ለዚህ ሥራ ለመመረጥ ተነሣች። ብዙ ዘመን አስተማሪ ነበረች፤ ኋላም ልጆችዋን ለማሳደግ ሥራዋን ተወች። ቦርድ እንደማያስተምር ታውቃለች፤ የቦርድ ሥራ የትምህርት ቤቶቹን ዋና ሹም መሾም፥ በጀቱን ማጽደቅ፥ ደንብ ማውጣት ነው። ከአባሎቹም አንዱ ብቻውን የማዘዝ ሥልጣን የለውም፤ ነገሩ የሚቈረጠው ሕዝብ በሚሰማው ጉባኤ በድምፅ ብልጫ ነው።

በየደጁ እየዞረች ስታስረዳ ሳለች አንድ ሽማግሌ እንዲህ አላት። «አስተማሪ ነበሩና ለአስተማሪዎች ያደላሉ፤ እናት ነዎትና ለልጆችዎ ያደላሉ። ልጅ ሳይኖረኝ ስለ ቤቴ ግብር ለምከፍለው ለእኔስ ማን ይቆምልኛል? ገንዘብ ቢያጥርና አንድ ትምህርት ቤት ይዘጋ ቢባል፥ እርሱም ልጅዎ የሚማርበት ቢሆን፥ እጅዎን ያነሣሉን?»

ስለ መጻሕፍትና ስለ ክፍሎች መጣበብ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» እንደሚባለው፥ ሰውየው የጠየቃት ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ ቢላዋው ነበረና።

በዚያች ሌሊት ትንሺቱ ልጅዋ በመብራት አጠገብ ስታነብ እያየች ብዙ አሰበች። ልጅዋ በእግርዋ ሄዳ የምትማርበት ያ ትምህርት ቤት ቢዘጋ ምን ያህል እንደምታዝን ታውቃለች። ነገር ግን አስተማሪ ሳለች ታደርገው የነበረ አንድ ነገር ትዝ አላት። የፈተና ወረቀት ስታርም ወዳጅና ጠላት እንዳትለይ፥ የተማሪውን ስም በቁራጭ ወረቀት ትሸፍነው ነበር።

በማግሥቱ ወደ ሽማግሌው ደጅ ተመልሳ እንዲህ አለችው። «እዘጋለሁ ብዬም አልምልልዎም፥ አልዘጋም ብዬም አልምልልዎም። ቍጥሩን የማየው ግን የልጄን ስም ሸፍኜ ነው። የፈረድሁበትንም ምክንያት እርስዎ በተቀመጡበት ጉባኤ እናገራለሁ።»

ሽማግሌውም ጥቂት ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ በኋላ «ድምፄን ለማን እንደምሰጥ አልነግርዎትም፤ ጉባኤው የሚጀመርበትን ሰዓት ግን ይንገሩኝ» አላት።

ልጅ የሌለው ሰው የልጆችን ጉዳይ ሊሰማ ወጣ፤ ልጅ ያላትም እናት የራስዋን ልጅ ስም ለመሸፈን ቈረጠች። ምርጫው ገና ሳይደርስ ሁለቱም የከተማውን ልጆች ሁሉ ማሰብ ጀምረው ነበር።