ስለ እግዚአብሔር ከመናገራችን በፊት

የዛሬው ጽሑፌ እንደ ልማዴ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

እኛ ሐበሾች የእግዚአብሔርን ስም በቀን ስንት ጊዜ እንደምንጠራ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እንዴት ነህ ስንባል "እግዚአብሔር ይመስገን" ነው። ቀጠሮ ስንይዝ "እግዚአብሔር ካለ" ነው። ስናመሰግን "እግዜር ይስጥልኝ" ነው። ደግ ልማድ ነው፤ እዚህ የተወለዱት ልጆቻችንም ቢይዙልን ደስ ይለኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ስሙን መጥራታችን አይደለም፤ እሱን ወክለን መናገር መልመዳችን ነው። ፌስቡክ ብትከፍቱ እግዚአብሔር ማንን እንደቀጣ፣ ማንን እንደባረከ፣ በየትኛው ጠብ ከማን ጎን እንደቆመ የማያውቅ ሰው የለም። ሁላችንም የእሱ ቃል አቀባይ ሆነናል።

ነገሩን ከልቤ እንዳስበው ያደረገኝ አንድ ለቅሶ ነው። አብሮን ታክሲ የሚነዳ አንድ ወንድማችን አገር ቤት ያለው ታናሽ ወንድሙ በድንገት አረፈበት። ሟቹ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ጓደኛችን ወረቀቱ ስላላለቀ ሄዶ መቅበር አልቻለም። ርቆ ማልቀስ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ሬሳው ሲወጣ ሳይሸኙ፣ አፈሩን ሳያዩ፣ አፓርትመንት ውስጥ ስልክ ይዞ መቀመጥ ነው።

እንደ ባህላችን ተሰበሰብን። "እግዚአብሔር ያጽናህ" ተባለ። እስከዚህ ደህና ነው። ከዚያ ግን ማብራሪያ ተጀመረ። አንዱ "እግዚአብሔር ቢወደው ነው የወሰደው" አለ። ሌላው "አንተን ሊያስተምርህ ፈልጎ ይሆናል" አለ። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "በቤተሰቡ ያልተናዘዙት ነገር ይኖር ይሆን?" አለ። ጓደኛችን ሰማው። አንገቱን ደፋ እንጂ መልስ አልሰጠም።

ቤቴ ስገባ መጽሐፈ ኢዮብን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኢዮብ ልጆቹን፣ ሀብቱንና ጤናውን ካጣ በኋላ ሦስት ወዳጆቹ፣ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር፣ ሊያጽናኑት መጡ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድም ቃል አልተናገሩም። ለእኔ ከዚያ የተሻለ ለቅሶ አደራረስ የለም። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን የከፈቱ ዕለት ነው። እግዚአብሔር ጻድቅ ነው፣ አንተ ተመትተሃል፣ እንግዲህ በድለሃል ማለት ነው አሉት። ለጆሮ ልክ የሚመስል ሒሳብ ነው።

መጽሐፉ 42 ምዕራፍ አለው። እግዚአብሔር ራሱ ለኢዮብ መናገር የሚጀምረው 38ኛው ላይ ሲደረስ ነው። ኢዮብ እስከዚያ ድረስ ምክንያቱን እየጠየቀ ነበር። የሚገርመው፣ እግዚአብሔር ምክንያቱን አልነገረውም። እኛ አንባቢዎቹ መጀመሪያው ላይ በሰማይ የሆነውን አንብበናል፤ ኢዮብ ግን እስከ መጨረሻው አልሰማውም። በምላሹ የመጣለት ጥያቄ ነው። ምድር ስትመሠረት የት ነበርክ? ለባሕር በር የዘጋበት ማን ነው? ሰው በማይኖርበት ምድረ በዳ ዝናብ የሚያዘንብ ማን ነው? የተራራ ፍየል የምትወልድበትን ጊዜ ታውቃለህ?

እዚህ ጋ ሁልጊዜ የሰሜን ተራሮች ዋልያ ትዝ ይለኛል። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኝ እንስሳ ነው። ሰው መቆም በሚያስፈራው ገደል ላይ ግልገሏን ይዛ ትሄዳለች፤ ማንም አላዋለዳትም። የዝናቡ ነገር ደግሞ አሁንም ይገርመኛል። ሰው በሌለበት፣ ማንም በማይዘራበት፣ ማንም "ተመስገን" በማይልበት ቦታ ያዘንባል። ዓለም በእኛ ጉዳይ ብቻ የምትዞር አይደለችም ማለት ነው።

ከጥያቄዎቹ አንዱ ስለ ሰባቱ ከዋክብት ነው። ያ ጥያቄ የገባኝ ባለፈው ታኅሣሥ ነው። ከደለስ አየር ማረፊያ አንድ ተሳፋሪ ይዤ ወደ ፍሮንት ሮያል፣ ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች ሄድኩ። ስመለስ ሰባት ሰዓት ሌሊት አልፎ ነበር። ጨለማ ቦታ ዳር ይዤ ቆምኩና መብራቱን አጠፋሁ። የከተማ መብራት ያስረሳን ሰማይ ሁሉ እዚያ ነበር። ሰባቱ ከዋክብት እንደ ትንሽ የወይን ዘለላ ተሰብስበው ይታያሉ።

በኋላ ሳነብ ርቀታቸው ወደ 440 የብርሃን ዓመት እንደሚገመት አየሁ። ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። እንደዚያ እየበረረ ያን ሌሊት ዓይኔ ላይ የደረሰው ብርሃን ጉዞ የጀመረው አፄ ፋሲል ጎንደርን ሳይቆረቁሩ ነው። ያም ሆኖ እነዚህ ለእኛ ቅርብ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። እኔ የማውቀው ከቤቴ እስከ አየር ማረፊያው ያለውን መንገድ ነው። ይህን ሁሉ የዘረጋው አምላክ ለምን አንድን ወጣት እንደወሰደ ላስረዳ ብል፣ የቱን ያህል አውቄ ነው?

ኢዮብም እጁን አፉ ላይ ጫነ። ልብ በሉ፣ እግዚአብሔር የተቆጣው አልቅሶ በጠየቀው በኢዮብ ላይ ሳይሆን እሱን ወክለው በተከራከሩት ወዳጆች ላይ ነው። ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው። ይቅርታ ያገኙትም ያ የበደሉት ለቅስተኛ ሲጸልይላቸው ነው። ታዲያ ግርማው አፍ የሚያስይዘው ያዘነውን ሰው ነው ወይስ እኛን አስረጂዎቹን? እኔ እኛን ነው እላለሁ። ያዘነ ሰውማ ይጠይቅ፤ አምላኩ ጥያቄ አይከብደውም።

ክርስቲያን ለሆንን ደግሞ ነገሩ እዚህ አያበቃም። ከዋክብትን በየቦታቸው ያኖረው ጌታ በግርግም ተኛ ብለን ነው የምናምነው። ከመሰቀሉ በፊት በነበረው ሐሙስ ጎንበስ ብሎ የዓሣ አጥማጆችን እግር አጠበ። በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ የምእመናኑን እግር የሚያጥቡት ለዚህ መታሰቢያ ነው። እኔን ከሰማዩ ስፋት በላይ የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው። ትልቅ መሆኑ አያስገርምም፤ አምላክ ነውና። ያ ትልቅነት ጎንበስ ማለቱ ግን ከአእምሮ በላይ ነው። እሱ ጎንበስ ካለ፣ እኛ ቀና ብለን በስሙ የምንፈርደው በምን ድፍረት ነው?

በዚያ ለቅሶ አንዲት እማማ ነበሩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጥግ ላይ ተቀመጡ፤ አልተነተኑም። ሰው ሲወጣ ተነስተው ሲኒውን ሁሉ አጠቡ። በማግስቱም መጥተው አጠቡ፣ ሽሮ ሠርተው አስቀመጡ፣ ትከሻውን ዳበስ አድርገው ሄዱ። ከወራት በኋላ ጓደኛችን "ሰው ብዙ ነገር ብሎኛል፤ ትዝ የሚለኝ ግን የእማማ እጅ ነው" አለኝ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ነገ ለቅሶ ስትደርሱ "ለምን" የሚለውን ለባለቤቱ ተዉለት። መቀመጥ ይበቃል። ከዚያም በላይ ከፈለጋችሁ የሚታጠብ ሲኒ አይጠፋም።

ያዘናችሁትን ሁሉ እሱ ራሱ ያጽናችሁ። በሰላም እደሩ።