ድምፅ የሌላት እንግዳ

ድመት ሲርባት ትጮኻለች፤ በር ትቧጭራለች። በግ ውሃ ሲጠማው ይጮኻል። ዶሮ እንኳ ሲመሽባት ወደ ቆጧ እየተንጫጫች ትሄዳለች። የውሃ ኤሊ ግን ይህ ሁሉ የላትም። ውሃው ቢቆሽሽባት፣ ቢበርዳት፣ የፀሐይ ብርሃን ቢያጥራት፣ አጥንቷ እየሳሳ ቢሄድ አትጮኽም። ወደ ገንዳዋ ስትጠጉ አንገቷን ዘርግታ ትመጣለች፤ እናንተም ደስ ብሏት ነው ትላላችሁ፤ እሷ ግን የምትሻው ምግብ ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዝም እንዳለች ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፉና አንድ ቀን ሞታ ትገኛለች። ስለዚህ ለውሃ ኤሊ ቤት የሚያሰናዳ ሰው ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ማወቅ ይኖርበታል። እስክትነግረው ድረስ መጠበቅ አይችልም፤ አስቀድሞ መለካትና አስቀድሞ ማዘጋጀት የእሱ ፋንታ ነው።

ይህን ጉዳይ ማንሳቴ የምንኖርበት ሁኔታ ስለሚያስገድድ ነው። አገር ቤት ያደግን ሰዎች ከጥጃና ከግልገል ጋር ስንሯሯጥ ነው ያደግነው። እዚህ አሜሪካ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ በአፓርታማ የሚያድጉ ልጆቻችን ግን ያ ሁሉ የላቸውም። አከራዩ ውሻ አይፈቅድም፤ ለድመትም ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል። የልጅ ልብ ደግሞ እንስሳ ይወዳልና ዓይኑ ኤሊ ላይ ያርፋል። በእኛ ቤትም የሆነው ይኸው ነው። አንድ ጎረቤታችን ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት ሊዛወር ሲሰናዳ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትሆን ኤሊ ነበረችውና የሚወስድለት ሰው ፈለገ። የ10 ዓመቷ ልጄ ይህን ስትሰማ «አባዬ፣ እኛ እንውሰዳት» አለችኝ። «መጀመሪያ ቤቷ፣ ከዚያ በኋላ እሷ» አልኳት። መሄጃቸው ገና ሁለት ወር ቀርቶት ስለነበር በቂ ጊዜ አገኘን።

ኤሊዋ ከጆሮዋ አካባቢ ቀይ መስመር ያላት ዓይነት ናት። የዚህች ዝርያ የትውልድ ቦታ የሚሲሲፒ ወንዝና ገባሮቹ የሚያጠጡት አገር ነው። ዝግ ብሎ የሚሄድና የረጋ ውሃ ትወዳለች። በውሃ ውስጥ ትዋኛለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች፤ ቀን ቀን ደግሞ ግንድ ላይ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። እንግዲህ ገንዳ ማዘጋጀት ማለት ይህን ወንዝ፣ ያንን ግንድና ያቺን ፀሐይ በአንድ ክፍል ጥግ ላይ ማኖር ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቤቱ ቤት አይሆንላትም።

ሲሸጡ የምታዩአት ኤሊ የሳንቲም ያህል ትሆናለች። በአንዲት ፕላስቲክ ሳህን፣ ከአንዲት የፕላስቲክ ዘንባባ ጋር ይሰጧችኋል፤ ሳህኗም ለዕድሜ ልክ የምትበቃ ትመስላችኋለች። ነገር ግን ያቺ ኤሊ ስታድግ፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ ቅርፊቷ 25 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። በደንብ ከተያዘች ደግሞ 20፣ 30 ዓመትና ከዚያ በላይ ትኖራለች።

የገንዳውን መጠን ለመወሰን ኤሊ አርቢዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። ለአንድ ኢንች የቅርፊት ርዝመት 10 ጋሎን ውሃ ይላሉ። በእኛ ልኬት ለያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 15 ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። የእኛዋ 12 ሴንቲ ሜትር ስለሆነች 180 ሊትር ያስፈልጋታል፤ ነገር ግን ታድጋለች። ስለዚህ 75 ጋሎን፣ ማለትም 284 ሊትር የሚይዝ ያገለገለ የመስታወት ገንዳ ፈልገን ገዛን። ርዝመቱ 122፣ ወርዱ 46፣ ከፍታው 53 ሴንቲ ሜትር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ክብደቱን ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል። መስታወቱና ዕቃው ሲጨመርበት እንዲህ ያለ ገንዳ ከ350 ኪሎ ግራም ያልፋል። የልብስ መሳቢያ ወይም የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ይህን አይሸከምም። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መቆሚያ ያስፈልጋል፤ ቦታውም መሐል ወለል ሳይሆን በግድግዳ ጥግ ቢሆን ይመረጣል። መስኮት ሥር ማስቀመጥም አይመከርም። በበጋ ውሃው ከመጠን በላይ ይሞቃል፤ አረንጓዴ አልጌም ይወርሰዋል። የኤሌክትሪክ ገመዶቹም ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብለው እንዲንጠለጠሉ ይደረጋል። እንዲህ ሲሆን በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ መሬት ላይ ይንጠባጠባል።

ቀጥሎ የሚመጣው ውሃው ነው። የቧንቧ ውሃ ለእኛ ጤና ሲባል ክሎሪን ይጨመርበታል። ቀድሞ ሰዎች ውሃውን በባልዲ አሳድረው ክሎሪኑ እንዲተን ያደርጉ ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ከተሞች የሚጠቀሙት ክሎራሚን የሚባለውን ነው፤ የዋሽንግተን ከተማም ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደዚሁ ዞራለች። ክሎራሚን በማሳደር ብቻ አይጠፋም። ስለዚህ ከእንስሳት ዕቃ መደብር የሚገዛውን የውሃ ማስተካከያ ጠብታ መጨመር ያስፈልጋል።

ኤሊ ከዓሣ ይልቅ ውሃ ታቆሽሻለች፤ የምትበላውም የምትጸዳዳውም እዚያው ነውና። ከቆሻሻዋ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትንም ብዙ ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። እነዚህ በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ናቸው። በአንድ ቀን ግን አይራቡም፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። «መጀመሪያ ቤቷ» ያልኩትም በዚህ ምክንያት ነበር። ኤሊዋ ሳትመጣ ማጣሪያውን ከፍተን፣ ባክቴሪያዎቹ የሚመገቡት እንዲኖራቸው በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ መኖ እየጨመርን ባዶውን ገንዳ ስንጠብቅ ሰነበትን። ልጄ በየሳምንቱ ውሃውን በትንሽ ብልቃጥ እየቀዳች፣ የመመርመሪያውን ጠብታ እየጨመረች የቀለሙን ለውጥ በደብተሯ ትጽፍ ነበር። አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ የሆኑበት ቀን ሲደርስ ቤቱ ተዘጋጀ ማለት ነው። ማጣሪያውን በተመለከተ ገንዳው ከሚይዘው ውሃ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ለሚይዝ ገንዳ የተሠራውን መምረጥ ይበጃል። ስፖንጁም ሲታጠብ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ እንጂ በቧንቧ ውሃ አይደለም፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድላቸዋልና። ከዚያም ሆኖ በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን ያህል መቀየር አይቀርም።

የውሃው ሙቀት ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይስማማታል። ለዚህም ማሞቂያና ቴርሞሜትር ይገባል። ከውሃው በላይ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ወጥታ የምትደርቅበት መድረክ ያስፈልጋታል። በዚያ ላይ ሁለት ዓይነት ብርሃን ይበራል። አንደኛው መድረኩን ከ30 እስከ 35 ዲግሪ የሚያሞቅ አምፖል ሲሆን፣ ሁለተኛው አልትራቫዮሌት ቢ የሚሰጥ ልዩ መብራት ነው። ያለዚህ ብርሃን ሰውነቷ ቫይታሚን ዲ አያዘጋጅም፤ ያለ ቫይታሚን ዲ ደግሞ የበላችው ካልሲየም አጥንቷ ውስጥ አይገባም።

አንድ የማውቀው ቤት ውስጥ ኤሊዋን በሳፋ አድርገው መስኮት ሥር አኑረዋት ነበር። ፀሐይ ታገኛለች ብለው ነው። ይሁንና የመስኮት መስታወት አብዛኛውን አልትራቫዮሌት ቢ ያስቀረዋል። በዓመቱ ቅርፊቷ እንደ ረጠበ ካርቶን ለሰለሰ፤ ሐኪም ዘንድ ስትደርስም ጊዜው አልፎ ነበር። እነዚያ ሰዎች ደጎች ናቸው፤ አንድም ቀን ሳያበሏት ውለው አያውቁም። የጎደላቸው ዕውቀት ነበር። መብራቱ ራሱም ቢሆን እንደ ኤሊዋ ዝምተኛ ነው። ለዓይናችን ቦግ ብሎ እየበራ የማይታየው ብርሃኑ ተሟጦ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ እንደ ሥሪቱ በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ ይቀየራል። የገዛንበትን ቀን በመብራቱ መያዣ ላይ በወረቀት ጽፈን ለጥፈናል።

ከሥር ጥቃቅን ጠጠር አይነጠፍም፤ ትውጠዋለችና አንጀቷን ይዘጋዋል። ባዶ ወለል ወይም ከራሷ ጭንቅላት የሚበልጥ ድንጋይ ይበቃል። ምግቧ ለውሃ ኤሊ የተዘጋጀ እንክብል ሲሆን፣ እያደገች ስትሄድ ቅጠላ ቅጠል ይበዛላታል። የእኛው ጎመን ከሚስማሟት አንዱ ነው።

ሕፃናት ላሉበት ቤት ደግሞ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ። ኤሊ ጤነኛ ሆና ሳለ ሳልሞኔላ የሚባለውን ተህዋስ ልትይዝ ትችላለች። ልጆች ትናንሽ ኤሊዎችን ወደ አፋቸው እየከተቱ ይታመሙ ስለነበር በ1975 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ቅርፊታቸው ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያነሰ ኤሊዎች ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጡ ከልክሏል። ይህም ሆኖ ዛሬም በየመንገዱ የሚሸጣቸው አይጠፋም። ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ባለበት ቤት ኤሊ ባትገባ ይሻላል። የገባችበት ቤትም ቢሆን ዕቃዋ በወጥ ቤት መታጠቢያ አይታጠብም፤ የነካት ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠባል። በቀን አምስት ጊዜ ለሚታጠብ ሰው ይህ ከባድ ትእዛዝ አይደለም፤ ሳሙናው ግን አይረሳ።

ውድ አንባቢያን፣ እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ በገንዘብና በትዕግሥት የሚሆን ነው። የሚከብደው ሌላ ነው። ገንዳው ገና ባዶ ሳለ አንድ ማታ ልጄን አጠገቡ አስቀምጬ «ይህች ኤሊ ከዛሬ ጀምራ 25 ዓመት ብትኖር አንቺ ስንት ዓመት ይሆንሻል?» አልኳት። ቆጠረችና «35» አለች። ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ዩኒቨርሲቲ ስገባስ፣ አባዬ? አንተ ትጠብቅልኛለህ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ያን ጊዜ መልስ ከመስጠቴ በፊት እኔም ዝም አልኩ። ጥያቄው የሚጠይቀኝ ቃል የልጅ ቃል አልነበረም። የ10 ዓመት ልጅ የ25 ዓመት ውል ልትገባ አትችልም። ውሉን የሚገባው ወላጅ ነው። በየሳምንቱ 70 ሊትር ውሃ የሚያመላልሰው፣ ልጁ ሲሰለች የማይሰለቸው፣ አማናውን የሚሸከመው እሱ ነው። ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን በማግስቱ «አዎ፣ ኢንሻአላህ እኛ እንጠብቅልሻለን» አልናት። ባንችል ኖሮ አንችልም እንላት ነበር፤ ይህም ለልጅ የሚሰጥ ክቡር መልስ ነው።

ይህ ውል ሳይታሰብበት የቀረ እንደሆነ ምን እንደሚመጣ በየኩሬው ይታያል። ኤሊዋ አድጋ ሳህኗ ሲጠብባት ብዙዎች «ነፃ እናውጣት» ብለው ወንዝ ውስጥ ይለቋታል። ይህ ለእሷም ለሌሎችም ጉዳት ነው። ይህች ዝርያ በትውልድ ቦታዋ ባልሆኑ አገሮች የነባሮቹን ኤሊዎች ምግብና የፀሐይ መሞቂያ ቦታ ስለምትሻማ በዓለም ላይ ከተመዘገቡት 100 ክፉ ወራሪ ፍጥረታት አንዷ ሆናለች። የአውሮፓ ኅብረት በ1997 እ.ኤ.አ. እንዳትገባ ከለከለ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወራሪ ከተባሉት ዝርዝር ውስጥ አስገባት። ስለዚህ በዚያ የምትኖሩ አንባቢያን ይህችን ዝርያ መግዛት አትችሉም። በአሜሪካም ሕጉ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ስለሚለያይ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ማቆየት ያቃተው ሰው የሚሳቢ እንስሳት ማሳደጊያ ይፈልግላት እንጂ ወንዝ አይጣላት።

ኤሊዋ ከመጣች አሁን አራተኛ ወሯ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ከመድረኩ ሥር ተደብቃ አሳለፈች። በዘጠነኛው ቀን ወጥታ የኋላ እግሮቿን ዘርግታ መብራቱን ስትሞቅ አየናት። ደስ ብሏት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም፤ አልተናገረችምና። ቴርሞሜትሩ 32 ዲግሪ ይላል፤ የውሃው ምርመራ ዜሮ ያሳያል፤ ቅርፊቷ ጠንካራ ነው። ለእኔ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

እንግዲህ ልጆቻችሁ ነገ ኤሊ ይገዛልን ቢሏችሁ ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ገንዳው የት ይቆማል? ውሃውን ማን ይቀይራል? ከ20 ዓመት በኋላ የማን ናት? መልስ ካገኛችሁ ገንዳውን አስቀድማችሁ ሙሉ፣ እሷን በኋላ አምጡ። መልስ ካጣችሁ ደግሞ ልጆቻችሁን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ኩሬ ውሰዷቸው። እዚህ ዋሽንግተን የምንኖር ኬኒልወርዝ የሚባለው የውሃ አትክልት ሥፍራ አለልን። በበጋ ሎተስ አበባ መሐል ኤሊዎች ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ሲሞቁ ያያሉ። ያንን ግንድ ማንም አልገዛውም፤ ያንን ፀሐይም ማንም አይቀይረውም።