ለአንድ ሳምንት ካራቫን ይህን ሁሉ ገንዘብ?

ስምንት ዓመት የሆነው ወንድሜ ባለፈው ሳምንት ከሳሎናችን ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ አውርዶ መጣና "እኔ የት ነበርኩ?" አለኝ። ፎቶው ላይ አባዬ፣ እማዬ፣ ታናሽ እህቴና እኔ ነጭ ካራቫን ፊት ለፊት ቆመናል። ንፋሱ የእማዬን ነጠላ ወደ ጎን ወስዶታል። አባዬ ለባሕር ዳርቻ ይሆናል ብሎ ያሰበውን ለብሷል፦ የሱፍ ሱሪ፣ በብረት የተተኮሰ ሸሚዝና የተወለወለ ጥቁር ጫማ። እማዬ ከኩሽና ሆና "አንተማ እዚህ ነበርክ" ብላ ሆዷን መታ መታ አደረገች። እሱ ግን አልተዋጠለትም። "እንግዲያው አልሄድኩም ማለት ነው። መቼ ነው እኔ የምሄደው?"

ጥያቄው የመጣው ወደ እኔ ነው። ታውቁታላችሁ፣ ውጭ አገር ያደገ የመጀመሪያ ልጅ የቤቱ አስተርጓሚ፣ ጸሐፊና ሒሳብ ሹም ነው። ማታ ከሆስፒታል ልምምድ ስመለስ ላፕቶፔን ከፍቼ ዋጋ መፈለግ ጀመርኩ። አባዬ ከኋላዬ መጥቶ ቁጥሩን አየና "ለአንድ ሳምንት ካራቫን ይህን ሁሉ ገንዘብ?" አለ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያላትን ነገር ቃል በቃል ነው የደገማት።

ከእንግሊዝ ውጭ ላላችሁ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ሆሊደይ ፓርክ ማለት በባሕር ዳር ወይም በጫካ ውስጥ የተሠራ የቤተሰብ መዝናኛ መንደር ነው። ካራቫን ወይም ትንሽ የእንጨት ቤት ትከራያላችሁ፤ መዋኛ፣ የልጆች መጫወቻ፣ የማታ ትርዒትና ሱቅ በግቢው ውስጥ አለ። ነገሩ የተጀመረው ለሀብታም አልነበረም። ቢሊ ቡትሊን በ1936 ስኬግነስ በምትባለው የሊንከንሻየር የባሕር ዳር ከተማ ካምፑን ሲከፍት፣ ሐሳቡ ሠራተኛው በአንድ ሳምንት ደመወዙ አንድ ሳምንት እንዲያርፍ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1938፣ በደመወዝ ስለሚሰጥ የዓመት ፈቃድ ሕግ ወጣ። በሰሜኑ የፋብሪካ ከተሞች ፋብሪካው ሳምንት ሙሉ ሲዘጋ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ወደ ባሕር ይወርድ ነበር።

ይህን ያወቅኩት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ባለፈው ክረምት በአረጋውያን ክፍል ስለማመድ አንዲት በሽተኛ ነበሩ። የልጃቸውን ስም ይረሳሉ፤ ቁርስ መብላታቸውን ይረሳሉ። በልጅነታቸው የሄዱበትን ካምፕ ግን አልረሱም። ጠዋት ጠዋት በድምፅ ማጉያ እንዴት ይቀሰቀሱ እንደነበር፣ አባታቸው ጫማቸውን አውልቀው አሸዋ ላይ ሲራመዱ እግራቸው እንደ ወረቀት ነጭ እንደነበር ይነግሩኛል። የአባታቸውን እግር ሌላ ጊዜ በቀን ብርሃን አይተውት አያውቁም። ይህን በነገሩኝ ቁጥር የአባዬ የተወለወለ ጫማ ይመጣብኛል።

እኛ የሄድነው በ2016 ነው። እኔ አሥራ አንድ፣ እህቴ ስድስት ዓመት ነበርን። እማዬ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ውስጥ ሌሊት ሌሊት ትሠራለች፤ አባዬ ታክሲ ይነዳል። በዚያ ዓመት የእማዬ ዕቁብ ወጣላት። ዕቁቡ ሲወጣ ወደ አገር ቤት እንደምትሄድና ደሴ ያለችውን እናቷን እንደምታይ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት አላየቻትም። አንድ ቀን ግን ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዤ መጣሁ። "በዓመት እረፍቴ የት ሄድኩ" የሚል ድርሰት ነበር፤ እኔ የጻፍኩት ስለ አንድ የገበያ አዳራሽ ነው። አስተማሪዋ "ጥሩ ነው!" ብላ ፈገግ ያለ ፊት ሥላበታለች። እማዬ ወረቀቱን አየችው፣ ምንም አላለችም። በሳምንቱ "ባሕር ዳር እንሄዳለን" አለች። እኔ ኢትዮጵያ ያለችው ባሕር ዳር መስላኝ ሻንጣ መፈለግ ጀመርኩ።

ቀኑን የመረጠችው በጥንቃቄ ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ስለሚገባ፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 7 ማለት ነው፣ ከሐምሌ 23 ቅዳሜ እስከ ሐምሌ 30 ቅዳሜ ተያዘ። ጾም ሳይገባ ልጆቹ ሥጋ እንዲበሉ ነው። ያ ሳምንት ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ ከሚመጡት ውድ ሳምንታት አንዱ መሆኑን አላወቀችም።

አባዬ ወጪውን በሙሉ በማስታወሻ ደብተሩ ጽፎታል፤ ደብተሩ አሁንም አለ። የካራቫን ኪራይ 585 ፓውንድ። የመዝናኛ መግቢያ ካርድ 92፤ ይህ ለብቻው እንደሚከፈል የሰማነው በር ላይ ነው። ነዳጅ 45፣ ምግብ 130፣ ቺፕስና አይስክሬም 60። ሁለት ሁለት ፔኒ የምትውጠዋ ማሽን 38። አህያ 10። ድምሩ 960 ፓውንድ።

ስለ አህያው ልንገራችሁ። ስኬግነስ አሸዋው ላይ ልጆች በአህያ ይሄዳሉ፣ ለአንድ ዙር ይከፈላል። እማዬ ይህን ስታይ ቆማ ቀረች። ወዲያው የስልክ ካርዷን አውጥታ ደሴ ደወለች። "እማዬ! እዚህ አገር አህያ ላይ ለመቀመጥ ገንዘብ ይከፈላል!" አያቴ መጀመሪያ አላመነችም። ቀጥላ የሳቀችው ሳቅ ከስልኩ ወጥቶ እኔ ጆሮ ደረሰ። "እኔ ስንት ዓመት በነፃ!" አለች። አያቴን ከማስታውስባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ሳቅ ነው፤ በአካል አላገኘኋትም።

ሌላው ነገር ሁሉ ጥሩ ነበር ልላችሁ አልችልም። ባሕሩ በረዶ ነው፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ እስኪደርሱበት ይደክማል። ሁለት ቀን ዘነበ። ካራቫኑ ውስጥ ያለው ኩሽና ጠባብ ስለሆነ እማዬ ወጥ ስትሠራ እኛ አልጋ ላይ እንወጣ ነበር። እንዲያውም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ያሳለፈችው ምግብ በመሥራት ነው። ስለዚህ ነገር ማንም አያወራም፤ ራስህን ችለህ አብስል የሚባለው እረፍት ለእናት ሌላ ኩሽና ማለት ነው፣ ያውም ቢላዋው የማይቆርጥ።

በአራተኛው ቀን ቡና ቆላች። ጭሱ ጣሪያው ላይ ያለችውን ደወል አስነሳው። አባዬ በፎጣ ያራግባል፣ እህቴ ታለቅሳለች፣ ጎረቤቶቹ ከየካራቫናቸው ወጡ። አንድ ከዶንካስተር የመጡ ቤተሰብ በራችን ላይ ቆመው "ደህና ናችሁ?" አሉ። እማዬ ማፈሯን ለመደበቅ "ግቡ" አለቻቸው። ቡናው በረንዳው ላይ ተፈላ። ሦስተኛው ሲኒ ላይ የሰውየው ሚስት እማዬን "አንቺ ግን መቼ ነው የምታርፊው?" አለቻት። እኔ ነኝ ያስተረጎምኩት። እማዬ መልስ አልሰጠችም። በማግስቱ ግን አባዬ ፓስታ ቀቀለ። ፓስታው አይበላም ነበር፣ በላነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ከሰዓት በኋላ ትተኛለች፣ ማታም ትተኛለች። በእንቅልፏ ያን ያህል የምታንኮራፋ መሆኗን እኔና እህቴ ያወቅነው ያኔ ነው።

በጥር አያቴ ሞተች። ጥር 2009፣ ገና ስድስት ወር አልሞላም። እማዬ ወንድሜን ልትወልድ ሦስት ሳምንት ቀርቷት ስለነበር አውሮፕላን ላይ የሚያሳፍራት አልነበረም። ልቅሶው እዚሁ ሳሎናችን ውስጥ ሆነ። ሰዎች ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ እኔ ውኃ እያዞርኩ ነበር። አንዲት ሴትዮ ለጎረቤቷ "ዕቁቡን ባሕር ዳር ከምታፈስ እናቷን ብታይበት ምን ነበር" ስትል ሰማሁ። በዚያ ዓመት የአንድ ሰው ደርሶ መልስ ትኬት ከ960 ፓውንድ ያንስ ነበር። ይህን ሒሳብ በአሥራ አንድ ዓመቴ በጭንቅላቴ ሠርቼዋለሁ። ድርሰቱን ይዤ ባልመጣስ ኖሮ የሚለውንም።

ስለዚህ "ሆሊደይ ፓርክ ገንዘቡን ያወጣል ወይ?" ሲባል ለእኔ ስለ መዋኛ ገንዳው ስፋት አይደለም።

በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

"እማዬ፣ ያኔ ወደ አገር ቤት ብትሄጂ አይሻልም ነበር?"

"እንደምትሞት ባውቅ በእግሬም እሄድ ነበር" አለች። "አላወቅኩማ፣ ልጄ።" ጥቂት ከተፈችና "ግን ሰባት ሌሊት ተኛሁ። እዚህ አገር ከመጣሁ ሰባት ሌሊት በተከታታይ፣ በሌሊት፣ የተኛሁት ያኔ ብቻ ነው" አለች።

"ሴትዮዋ ያለችውን ሰምተሽ ነበር?"

"ያለችውን ሁሉም ሰምቷል። ለዚያ ነበር እኮ የተናገረችው።"

ድርሰቱን አላስታወሰችውም። ባሕር ዳር የሄድነው በእኔ ምክንያት መስሎኝ ዘጠኝ ዓመት ስኖር፣ እሷ ግን የመንከባከቢያ ቤቱ አንዲት ባልደረባዋ በሌሊት ሥራ ላይ ስትወድቅ አይታ እንደፈራች ነገረችኝ። ከፅንሱም ጋር ነበረች፣ ለማንም ገና አልነገረችም።

ከዚያ ሌላ ነገር ወጣ። ያን ሳምንት ደመወዝ እንዳልተከፈላት ነገረችኝ። በኤጀንሲ ስለምትሠራ የእረፍት ክፍያ የሚገባት አልመሰላትም፤ ኤጀንሲውም አልነገራትም። እዚህ ላይ ቆም በሉና ወላጆቻችሁን ጠይቁልኝ። በዚህ አገር ሕግ በኤጀንሲ የሚሠራም ሆነ ቋሚ ሰዓት የሌለው ሠራተኛ በዓመት የ5.6 ሳምንት ዕረፍት ከነክፍያው ይገባዋል። በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ 28 ቀን ማለት ነው። የአባዬ ደብተር 960 ይላል፤ የቀረው ደመወዝ ሲጨመርበት ሳምንቱ ከ1,300 በላይ አስወጥቶናል። የተወደደው ካራቫኑ ብቻ አልነበረም።

ወደ ዘንድሮ ልመለስ። በኦገስት የመጀመሪያ ሳምንት ያገኘሁት ካራቫን 1,150 ፓውንድ ነው፤ ያው ካራቫን በሴፕቴምበር ሦስተኛ ሳምንት 310። አባዬ ወዲያው "ከትምህርት ቤት እናስቀረዋ!" አለ። ቅጣቱን አሳየሁት። በእንግሊዝ ከ2024 ኦገስት ጀምሮ ልጅን ያለ ፈቃድ አምስት የትምህርት ቀን ካስቀሩ ለአንድ ልጅ አንድ ወላጅ 80 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል፤ በ21 ቀን ካልተከፈለ 160 ይሆናል። አባዬ በጣቱ ቆጠረ። "ለሁለት ወላጅ 160፣ ከ310 ጋር 470። ከ1,150 አይሻልም?" ሒሳቡ ልክ ነው፤ ያስቸገረኝም ልክ መሆኑ ነው። እማዬ ግን "ልጄን ከትምህርት ቤት አስቀርቼ አህያ ላይ አላስቀምጥም" አለችና ተዘጋ።

በጫካ ውስጥ ያሉትንም አየሁ። ሴንተር ፓርክስ በ1968 ሆላንድ ውስጥ ተጀምሮ በ1987 ወደ ሸርውድ ጫካ የመጣ ነው፤ ከእኛ ቤት አንድ ሰዓት አይሞላም። መዋኛው ጣሪያ ያለውና የሚሞቅ ስለሆነ ዝናብ አያሳስብም፤ ቡናም ቢሆን ምናልባት ቤቱ ሰፋ ያለ ነው። ግን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለአራት ሌሊት የተጠየቅኩት ከ1,000 ፓውንድ በላይ ነው፤ ብስክሌቱና አብዛኛው ጨዋታ ደግሞ ለብቻው ይከፈላል። ገጹን ዘጋሁት። ሁለት ወላጅ ጥሩ ደመወዝ ያለው፣ ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ቢሄድ አልፈርድም።

የእኔ ገንዘብ የታወቀ ነው። የነርስ ተማሪ 2,300 ሰዓት ያለ ደመወዝ ይለማመዳል፤ መንግሥት በዓመት 5,000 ፓውንድ ድጋፍ ይሰጠናል፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ እሠራለሁ። ለአዲስ አበባ ትኬት ያጠራቀምኩት 700 ደርሷል። ደሴ ሄጄ የአያቴን መቃብር ማየት እፈልጋለሁ። እማዬ በሙት ዓመቷ ሄዳ አይታዋለች፣ እኔ አላየሁም። ከዚህ ላይ ብነካ ትኬቱ አንድ ዓመት ይገፋል። መቃብር አይሄድም፣ ይጠብቃል፤ ይህን ስል ግን ያኔም "እናቴ ትጠብቃለች" ተብሎ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ሦስት ሌሊት አሰብኩበት። በመጨረሻ ለኦክቶበር የግማሽ መንፈቅ እረፍት አራት ሌሊት ያዝኩ፣ የመግቢያ ካርዱ የተጨመረበት፣ 289 ፓውንድ። ግማሹን እኔ፣ ግማሹን አባዬ። እማዬ አንድ ፔኒ እንዳታወጣ ተስማምተናል። የኤጀንሲውን የዕረፍት መጠየቂያ ቅጽ ሞልቼ እሷ ፈርማለች፣ ልከናል። ምግብ የሚሠራው አባዬና እህቴ ናቸው። እህቴ አሥራ አምስት ዓመቷ ስለሆነ ተቃውሞ አቅርባ ነበር፣ ተሸንፋለች። ቡና ውጭ በረንዳው ላይ ይቆላል፣ ቢዘንብም።

ወንድሜ ፎቶውን ወደ ቦታው መልሶ ሰቅሎ ስንት አህያ እንዳለ ይጠይቀኛል። በኦክቶበር መጨረሻ አህዮቹ አሸዋው ላይ እንደማይኖሩ ገና አልነገርኩትም።