ያለ ዩ የሚሄደው ኪው

በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ኪው የተባለው ፊደል፣ ሚዜው ካልደረሰለት ከቤቱ እንደማይወጣ ሙሽራ፣ ዩን ሳያስከትል የሚታይበት ቃል እጅግ ጥቂት ነው። ለተራ አንባቢ ይህ ቁም ነገር ባይሆንም፣ ፊደል የተቀረጸባቸውን ጠጠሮች በሰሌዳ ላይ እየደረደሩ ቃል የሚመሠርቱበትን ስክራብልን ለሚጫወቱ ሰዎች ግን የማሸነፍና የመሸነፍ ጉዳይ ነው። ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የፈለሰፈው ሥራ ፈትቶ የነበረው አሜሪካዊ አርክቴክት አልፍሬድ በትስ፣ ፊደላት በጋዜጣ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገሙ ቆጥሮ ነጥብ ስለ መደበላቸው፣ ከ100 ጠጠሮች መካከል ለኪው የደረሰው 1 ብቻ፣ ዋጋውም 10 ነጥብ ነው። ዩ 4 ጠጠር አለው፤ አራቱም በተቀናቃኝ እጅ ከገቡ፣ ያልተጫወቱበት ጠጠር ነጥብ መጨረሻ ላይ ስለሚቀነስ፣ ያ ሀብት ዕዳ ይሆናል።

ፊደሉ ግን ሲፈጠር ጥገኛ አልነበረም። በፊንቄያውያን ዘንድ ቆፍ እየተባለ፣ ከጉሮሮ ጠልቆ የሚወጣውን ድምፅ ብቻውን ይወክል ነበር። የግዕዙ ቀ፣ በፊደል ስሙ ቃፍ፣ ከዚያው ጥንታዊ ሴማዊ ምንጭ የተቀዳ ዘመዱ ነው። ይህ ድምፅ በቋንቋቸው ያልነበራቸው ሮማውያን ፊደሉን የ«ክው»ን ድምፅ ለመጻፍ ከዩ አባት ጋር አቆራኙት፤ የግዕዝ ጸሐፊዎች በበኩላቸው በቀ ላይ ምልክት ቀጥለው ቈንና ቋን ስላበጁ ሁለተኛ ፊደል መለመን አላስፈለጋቸውም። እንግሊዞችም ቢሆኑ «ንግሥት» የሚለውን ቃል በሲ ጀምረው ይጽፉ ነበር፤ በኪውና በዩ መጻፍ የሰፈነው እ.ኤ.አ. ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በኋላ፣ በፈረንሳይኛ ልማድ የሠለጠኑ ጸሐፊዎች ሥራውን ሲይዙት ነው።

ስለዚህ ያለ ዩ የሚሄዱት ቃላት አብዛኞቹ መጤዎች ናቸው። ከዐረብኛ ዳኛው ቃዲ፣ የፊት መሸፈኛው ኒቃብና የስግደት አቅጣጫ የሆነው ቂብላ ገብተዋል፤ ከደቡብ አፍሪካ ደግሞ ምባቃንጋ የተባለው የሙዚቃ ስልት መጥቷል፤ በዚህኛው ውስጥ ኪው የሚወክለው ምላስ ከላንቃ ሲላቀቅ የሚሰማውን ድምፅ ነው። ጫትም በዐረብኛ ስሙ ተመዝግቦ፣ በሦስት ፊደላት 12 ነጥብ ያስገኛል፤ የሐረርጌ ገበሬ ይህን ገበያ የሰማው አይመስልም። ተጫዋቾቹስ ቢሆኑ የቃሉን ፍች ማወቅ አይጠበቅባቸውም፤ ኒውዚላንዳዊው ናይጀል ሪቻርድስ እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረንሳይኛውን የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈው ፈረንሳይኛ ሳይናገር ነበር።

ከሁሉም የሚጠቅመው በኪውና በአይ ብቻ የሚጻፈው፣ በቻይናውያን አስተሳሰብ የሕይወት ኃይል ማለት የሆነው ቺ ነው። በሰሜን አሜሪካ ተጫዋቾች መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። አይ 9 ጠጠር ስላለው፣ ኪው የደረሰው ጀማሪ ዩን ከመጠበቁ በፊት ሰሌዳው ላይ ባዶ ጎን ያለው አይ ይፈልግ።